ለአያ ቢያድግልኝ የሚመልሰው ድራም

ባለፈው ሐምሌ ከደብረ ማርቆስ ገበያ ሽንኩርት ሸምቼ ስመለስ ዝናብ ያዘኝና አንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ሥር ተጠጋሁ። ቀድማኝ የተጠለለች ወጣት ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችኝ። ጡረታ ሳልወጣ ፊዚክስ ያስተማርኳት ስሜነሽ ናት፤ ዛሬ በከተማው ባንድ ውስጥ ድራም ትመታለች። በፌስታል ንጹሕ ጨርቅ፣ የቀለም ብሩሽና የስፌት መኪና ዘይት ይዛለች።

«ወዴት ነው ልጄ?» አልኋት።

«አያ ቢያድግልኝ ቤት ነው መምህር። የእንዳላማውን ድራም ላጸዳ ሦስት ጊዜ ሄጄ ሦስቴም መለሱኝ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ድራሙ ያናግረኛል ይላሉ።»

አያ ቢያድግልኝን አውቃቸዋለሁ፤ የታወቁ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ልጃቸው እንዳላማው ከሦስት ዓመት በፊት ከሠርግ ሥራ ሲመለስ የተሳፈረበት መኪና ተገልብጦ ሞተ። የባንዱ ልጆች ድራሙን አምጥተው ጓሮ ካለችው ክፍል እንደ ልማዱ ደርድረውት ሄዱ። ከዚያ ወዲህ የነካው የለም።

«ዝም ብዬ ልተዋቸው ነበር» አለች ስሜነሽ። «ግን ዐይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ሐኪም ቀጠሮ ሲሰጣቸው ‹ልሂድ ወይስ ልቅር?› ብለው ድራሙን ጠየቁት። ‹ልቅር› ሲሉ ጮኸ ብለው ቀሩ። ሳሉም አልለቀቃቸውም። እርስዎን ያከብራሉ፤ አብረውኝ ይምጡ።»

ዝናቡ ሳያባራ ሄድን። ስምንት ሰዓት ቢሆንም ክፍሏ ውስጥ ጨልሟል፤ መስኮቷ በማዳበሪያ ከረጢት ተደፍኗል። ሻጋታና የአይጥ ሽንት አንድ ላይ ይሸታል። ድራሙ መሐል ቆሟል። ከከበሮዎቹ ጋር በሚመቱት የናስ ሳህኖች ላይ አረንጓዴ ዝገት ወጥቷል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ድር ተዘርግቷል። መምቻዎቹ፣ የሚመታው ሰው አሁን ተነሥቶ እንደ ወጣ፣ መቀመጫው ላይ ተቀምጠዋል።

አያ ቢያድግልኝ ጥግ ላይ፣ በርጩማ ላይ ነበሩ። ከስተው ጋቢያቸው ብቻ የተቀመጠ ይመስላል።

«ቀስ ብላችሁ ግቡ» አሉን። ከዚያ ወደ ድራሙ ዞረው በወፍራም ድምፃቸው፣ «እንዳላማው፣ እንግዳ መጥቷል» አሉ።

«ዝዝዝዝ...» አለ ከጨለማው ውስጥ። አንድ ሰው ጥርሱን ነክሶ የሚተነፍስ ይመስል ነበር። ጀርባዬን በረደኝ።

ስሜነሽ ሰላምታ ሰጠች። ድራሙ ዝም አለ።

«አየሽ ልጄ፣ ላንቺ አይመልስም። ለኔ ብቻ ነው የሚመልስ» አሉ። ወዲያው ከትልቁ፣ በእግር ከሚመታው ከበሮ ሆድ ውስጥ አንድ ነገር ቧጠጠ፤ ቆመ፤ ደግሞ ቧጠጠ። «ይኸውና እግሩን ያንቀሳቅሳል።»

«አያ ቢያድግልኝ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ልናገር» አለች ስሜነሽ። «ይህ ትንሹ ከበሮ ስኔር ይባላል። ከሥሩ ቀጫጭን ሽቦዎች ተወጥረውበታል። ሰው ለከበሮው ልክ በሆነ ወፍራም ድምፅ ሲናገር ቆዳው ይርገበገባል፤ ሽቦዎቹም አብረው ይንጫጫሉ። የእኔ ድምፅ ቀጭን ስለሆነ አይነካቸውም።»

«ትምህርት ነው ይህን ያስተማረሽ?» አሉ ሽማግሌው።

«ትምህርቱም፣ እንዳላማውም። መምህር፣ እባክዎ በአያ ቢያድግልኝ ድምፅ ልክ፣ ወፈር አድርገው አንድ ነገር ይበሉ።»

«ምን ልበል?»

«የመጣልዎትን።»

በእጄ የያዝኩትን አየሁና፣ «ሽንኩርት!» አልሁ።

«ዝዝዝዝ...» አለ ድራሙ፤ እንደ ቅድሙ ረዝሞ፣ እንደ ቅድሙ አዝኖ። የሳቀ ሰው አልነበረም።

ሽማግሌው ፊታቸውን በጋቢ ሸፈኑ። «ተይው ብዬሽ ነበር» አሉ። «በሕይወት ሳለ አንድ ቀን ሲመታ ሄጄ አልሰማሁትም። አዝማሪነት ነው፣ አዋረድኸኝ አልሁት። ነይ ስሚኝ ብሎ እናቱን ወሰደ፤ እኔን ደጁ ላይ ቆሞ ለመነኝ፤ ከስፌት መኪናዬ ቀና አላልሁም። ከሞተ ወዲህ ነው የሰማሁት። ይህችን ልትነጥቂኝ መጣሽ? ሁለተኛ ልትገድዪው?»

እውቀት ያለርኅራኄ ሲነገር ጭካኔ እንደሚሆን ያን ጊዜ አየሁ። ስሜነሽ ግን እግራቸው ሥር ተንበረከከች።

«ድራም ያስተማረኝ እንዳላማው ነው። ከመጀመሪያው ቀን በፊት እጄን አስታጠበኝ፤ የእጅ ላብ ናሱን ይበላል ብሎ። ተጫውቶ ሲጨርስ ምንም ቢደክመው ሳህኖቹን በደረቅ ጨርቅ ሳይወለውል አይወጣም ነበር። አያ ቢያድግልኝ፣ ይህ አቧራ፣ ይህ ዝገት የእንዳላማው አይደለም። የእኛ ነው። እሱ ቢገባ ዕቃዬ አይደለም ይላል።»

ሽማግሌው ጋቢውን ቀስ ብለው ከፊታቸው አወረዱ። «ሆዱን ክፈቺውና ልይ» አሉ።

ብሎኖቹ ዝገው እንቢ አሉ፤ ዘይት ጠብ ጠብ ስታደርግባቸው ላሉ። የትልቁ ከበሮ ፊት ሲነሣ ሽታው ገፋን። እንዳላማው ድምፁን ለማለዘብ ውስጡ ያደረገውን ነጭ ብርድ ልብስ አይጥ በጥርሷ ፈትላ ጎጆ ሠርታበታለች። ዐይኗን እንደ ሁለት ጠጠር አፍጥጣ አየችንና በሽማግሌው እግሮች መሐል ወጣች። አያ ቢያድግልኝ አልጮኹም። «ይህችን ነው ለካ ደህና ዋልህ የምላት» አሉ በቀስታ።

ከዚያ በኋላ መስኮቱን እኔ ከፈትሁ። አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን ጎጆውን አወጣን። አያ ቢያድግልኝ ሳህኑን በአመድ ልፈትገው ሲሉ ስሜነሽ እጃቸውን ያዘች። «አመድ ይቧጭረዋል። ለብ ያለ ውኃና ለስላሳ ሳሙና ይበቃል፤ በላዩ ያለውን ክብ መስመር ተከትሎ ማሸት፣ ከዚያ ወዲያው ማድረቅ። ቆዳውን ደግሞ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ነው፤ ውኃ እንዳይገባው። ሲወጠርም አንዱን ብሎን ጨርሶ ወደሚቀጥለው ሳይሆን፣ ፊት ለፊት ያሉትን እያፈራረቁ ጥቂት በጥቂት ነው፤ አለዚያ ይጣመማል።» መሬቱ እርጥብ ስለሆነ ሁሉንም ሳንቃ ላይ አወጣነው።

እነሱ ውኃ ሊቀዱ ሲወጡ ከስኔሩ ጋር ብቻዬን ቀረሁ። ፊዚክስ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ሆኖም ጎንበስ ብዬ የሞተችውን ባለቤቴን ስም ጠራሁ። መለሰልኝ። በእኒያ ሽማግሌ ዳግመኛ አልፈረድሁም።

ስሜነሽ ስትመለስ በስኔሩ ጎን ያለችውን ትንሽ ማንሻ አሳየቻቸው። «ይህ ሲወርድ ሽቦዎቹ ይላላሉ። እርስዎ ያውርዱት።»

ጣታቸው ቆየ። አወረዱት። «እንዳላማው» አሉ። ምንም የለም። «እንዳላማው!» አሉ ደግመው። ዝምታው ከድምፁ ይልቅ አስፈራኝ፤ የሆነ ሰው በሩን ከፍቶ የወጣ መሰለኝ። አያ ቢያድግልኝ በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሱ።

እንባቸውን ከጠረጉ በኋላ፣ «በይ እንግዲህ፣ እሱ እንዴት እንደሚመታ አሰሚኝ» አሏት።

ስሜነሽ እጇን ታጥባ፣ ማንሻውን መልሳ ተቀመጠች። የትልቁ ከበሮ ሆድ ስለጸዳ ክፍሉ ሁሉ አብሮት መታ፤ ናሱም እንደ ጠራ ውኃ ፈሰሰ። ጎረቤት በአጥር ላይ ተሰበሰበ። ሽማግሌው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ። «እንዲህ ነበር?» ሲሉ፣ «እሱ ከኔ ይበልጥ ነበር» አለቻቸው።

አንባቢ ሆይ፣ ዕቃን በወጉ መያዝ ዕድሜውን ማርዘም ብቻ እንዳይመስልህ። ሻጋታው ሲወጣ፣ አየር ሲገባ፣ የአያ ቢያድግልኝ ሳል በነሐሴ ቀለለ። ድራሙ በመበስበስ ፈንታ ሥራ ገባ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ስሜነሽ ሁለት ልጃገረዶች ታስተምርበታለች። እሳቸውም ምክር ከሽቦ መጠየቅ ትተው ሐኪም ዘንድ ሄዱ፤ በጥቅምት የቀኝ ዐይናቸው ሞራ ተገፈፈ።

ፋሻው በተነሣ በሳምንቱ ልጠይቃቸው ሄድሁ። እጃቸውን ታጥበው፣ በደረቅ ጨርቅ ትልቁን ሳህን ሲወለውሉ አገኘኋቸው። ድንገት እጃቸው ቆመ። ናሱ ውስጥ አፍጥጠው ቀሩ፤ ከንፈራቸው ነጣ።

«ምነው?» አልሁ ደንግጬ።

«ብቅ አለ፤ ከነግንባሩ፣ ከነጉንጩ። ልጠራው አፌን ስከፍት እሱም ከፈተ።» ጨርቁን ፊታቸው ላይ አሳረፉ። «ለካ እኔው ነኝ መምህር። እንዲህ እንመሳሰል ኖሯል?»