በር ድረስ የመጣው ሥዕል

ራጉኤል አጠገብ መንገዱ ተዘጋግቶ ሚኒባሳችን ቆመ። ከፊቴ የተቀመጡት ነጭ ቆብ ያደረጉ አዛውንት፣ ትናንት የሴት ልጃቸው የሥዕል ኤግዚቢሽን ሄደው እንደነበር አጠገባቸው ላለችው ወጣት እየነገሯት ነው።

«የወይን ቅምሻም ነበረው፣ ጋሼ?»

«ነበረው። ብርጭቆ ይዘው ሥዕሉን እያዩ ይዞራሉ።»

«እስኪ ይንገሩኝ፣ እንዴት ነው የሚቀምሱት?»

«ከደጅ እንዳየሁት፣ ትንሽ ጠብ ይደረግላቸዋል። አፋቸው ውስጥ ያንከባልሉትና ባልዲ ላይ ይተፉታል።»

«ይተፉታል?»

«እኔም ገርሞኝ ቆሜ አየሁ።»

«ለምን ከደጅ?»

«ሙስሊም ነኝ እኮ፣ የኔ ልጅ። መጠጥ ያለበት ቤት አልገባም። እሷም ታውቃለች።»

«ታዲያ ለምን ሄዱ?»

«የመጀመሪያዋ ነዋ! ቤት መቀመጥ አስችሎኝ?»

«ውይ፣ ሥዕሉን ሳያዩ ቀሩ!»

«የት እቀራለሁ? ከግድግዳው አውርዳ በር ድረስ አመጣችልኝ።»

«እንግዶቹስ?»

«ብርጭቋቸውን እያስቀመጡ ተከትለዋት ወጡ።»

«ምን ነበር የሳለችው?»

«በርበሬ በረንዳ ያለውን ሱቃችንን። እኔ በሩ ላይ ቆሜ።»

«ወደዱት?»

«በርበሬዬን አደብዝዛዋለች። የኛ ከዚያ ይቀላል።»

«እንዴ! ሰው ፊት ነገሯት?»

«ነገርኳት።»

«ተቀየመች?»

«ቀለሟን አምጥታ እግሬ ሥር ቁጭ አለች፤ ‹አባ፣ እስከየት ላቅላው?› አለችኝ።»

መስኮቱን ከፈትኩና ከበርበሬ በረንዳ የሚመጣው ሽታ ቢያስለኝም አልዘጋሁትም።