የአጎቴ ድንጋይ

ድንጋይ ሰርቆ የተያዘ ክርስቲያን አይታችኋል? እኔ አይቻለሁ፤ አጎቴ ነው። በጃንሆይ ጊዜ ጎባ ሳለን፣ ከአባቴ ጋር በገብስ ማሳ ድንበር ተጣልተው ሳይታረቁ አባቴ ሞተ። አጎቴ ይቅርታ እንደሚለምን ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ከንስሐ አባቱ እግር ሥር ወደቀ። አባ ቀኖና ሰጡት፤ ፈጽሞ ድንጋዩን እንደተሸከመ ሲመለስም "እግዚአብሔር ይፍታህ፣ በል አውርደው" አሉት። እሱ ግን ድንጋዩን ቤቱ መልሶ ወስዶ ከአልጋው ግርጌ አኖረው። ከዚያ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ አያልፍም፤ ቁርባንማ አይታሰብም።

አንድ ቀን አባ ቤቱን ጠበል ሊረጩ መጡ። እኔ እዚያው ምድጃው ዘንድ ወጥ እሠራለሁ። ድንጋዩን አዩና "ይሄ ምንድን ነው?" አሉት።

"ኃጢአቴ ነው፣ አባ።"

"እግዚአብሔር የወሰደውን ሰርቀህ ነዋ ያመጣኸው!"

አጎቴ አቀረቀረ። "ወንድሜ እኮ ይቅር ሳይለኝ ነው የሞተው።"

እኔ አላስቻለኝም። "ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይቅር ያለህን አባቴ እንቢ ይላል? እኔም ልጁ ይቅር ብዬሃለሁ። ይልቅ ድንጋዩን ስጠኝ፤ አንዱ ጉልቻ ተሰብሮ ድስቱ እየተንጋደደብኝ ነው።"

ደንግጦ አባን አያቸው። አባ ሳቅ አሉ። አጎቴ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን አነሳው፤ በገዛ እጁ ምድጃው ላይ አስተካክሎ አስቀመጠልኝ፤ እንዳይነቃነቅም በመዳፉ ጫን ጫን አደረገው። ድስቱን ጣድኩበት።

ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይላሉ። አጎቴ በዚያ ቀን እያለቀሰ ሲጎርስ አላዩትማ!