ሁሉንም አንድ ላይ የጫነው ባሽሙሃንዲስ
ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ እኛ ግቢ ራኩባ በምንለው ዳስ ሥር፣ የሰሊጥ በሽታ የሚያጠኑ ተማሪዎች በአንድ ኮምፒውተር ይሠራሉ። የኮምፒውተሩ አዛዥ ጎረቤቴ ዳዊት ነው፤ ራሱን «ባሽሙሃንዲስ»፣ ዋና መሐንዲስ ማለት ነው፣ እያስባለ ይንጎራደዳል። ትናንት ለአንድ አዲስ ተማሪ ብሎ አዲስ ፕሮግራም ከድሮዎቹ ጋር ቀላቅሎ ቢጭንበት፣ የሌላዋ ጎረቤቴ ልጅ የዘሀራ ሥራ አልከፈት አለ። ልጅቱ የመመረቂያ ጽሑፏን የምታስረክበው ሐሙስ ነው።

«አዲሱ የድሮውን አበላሸብኝ፤ ለየብቻ ጫን ብዬህ ነበር» አለችው።

«ማሊሽ፣ ምንም አይደል፣ ሁሉም ያው ነው» አላት።

ሽንኩርት እየላጥኩ ዝም ልል ነበር፤ አፌ እምቢ አለኝ። «ባሽሙሃንዲስ፣ እዚህ ግቢ እስላምና ክርስቲያን በአንድ ማድቤት ነው የምናበስለው። የሥጋ ድስቱም ቢላዋውም ግን ለየብቻ ነው፤ አንድ ቀን ተጣልተን አናውቅም።»

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ሳይንስ ነው።»

«እሱማ ነው። ድስት ቢሆንማ እናትህ ታስተምርህ ነበር።»

ተቆጥቶ ወጣ። ዘሀራ ቁጭ ብላ ኮምፒውተሩ ውስጥ ለየተማሪው የየራሱን ክፍል አበጀች፤ የይለፍ ቃሉንም ቀየረች፤ ሥራዋም ተከፈተላት። ዛሬ ጠዋት ዳዊት ለመምህራቸው በስልክ «ለየብቻ እንዲሆን ያደረግሁት እኔ ነኝ» ሲል ሰማሁት። ዘሀራም ሰምታለች። አዲሱን የይለፍ ቃል ግን እስካሁን አልነገረችውም።