የበርኖሱ ረገጣ

ነገሩ በጃንሆይ ጊዜ ነው። ዓመቱንና ወሩን ብሳሳት አትፍረዱብኝ፤ ያየሁትን ግን አልስተውም።

እስቴ ውስጥ እትዬ ስንዱ የሚባሉ ሴት ወታደር ለሆነው ልጃቸው የጥቁር በግ ጠጉር ፈትለው በርኖስ አሠሩ። በርኖስ ከተሸመነ በኋላ እንዲጠብቅ በሙቅ ውሃ ይረገጣልና ጎረቤቱ ተሰበሰበ። እኔም መንገደኛ ብሆንም መርገጫው ገንዳ ውስጥ ገባሁ። ሌላ ጊዜ እየተዘፈነ ነው የሚረገጠው፤ ያን ቀን ግን ሁሉም አቀርቅሮ ይረግጣል።

«አደራ ልጆቼ፣ ብርድ እንዳያስገባበት!» አሉ እትዬ ስንዱ።

«ሲሞሸርም ይለብሰዋል!» አልኳቸው። ማንም አልሳቀም። እሳቸው ሙቅ ውሃ ሊያመጡ ሲገቡ ሸማኔው ጠጋ ብሎ፣ «ዝም ብለህ ርገጥ። ልጁ ሞቷል። ዘመድ እስኪሰበሰብ ነው እንጂ ነገ ማለዳ መርዶ ይረዳሉ» አለኝ።

ክው አልኩ። እትዬ ስንዱ ውሃውን ይዘው ተመልሰው፣ «ምነው ቆምክ? ደከመህ እንዴ?» አሉኝ። ረገጥኩ።

የእሳቸውን ወሬ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት አርብ ገበያ ላይ፣ ከአንድ ጎረቤታቸው ነው። በርኖሱን ታቅፈው ደጃፋቸው ላይ ይቀመጣሉ አለኝ። ያን ቀን ከረገጡት አንዱ ሲያልፍ ይጠሩትና፣ «ስትረግጥ ታውቅ ነበር?» ይሉታል።