ከጆሮ ጀርባ የነበረች ብረት፦ የጽገረዳ ገረዝጊሄር ዜና ሕይወት

ዓመቱ በፈረንጅ አቆጣጠር 1996 ነው፤ ወሩ የካቲት። ብርድ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ዝናብ ከቀረ አራት ወር ሆኖታል። ቄሱ በትግርኛ ያነበቡትን ላልሰማችሁ ጎረቤቶቻችን ሲባል፣ የሟቿ አባት ገበሬው ገረዝጊሄር አራተኛ ክፍል ድረስ በተማረው አማርኛ ይህን ጽፏል። ስሕተቱን እለፉት።

ወይዘሮ ጽገረዳ ከአባታቸው ከገረዝጊሄርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኣስካሉ፣ ከአስመራ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ በምትርቅ መንደር በ1963 ተወለዱ። እስከ አራተኛ ክፍል በመንደራቸው፣ እስከ ስምንተኛ ክፍል ደግሞ አስመራ፣ ቃሓውታ ሰፈር፣ አክስታቸው ቤት ተቀምጠው ከተማሩ በኋላ፣ በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ማንንም ሳይሰናበቱ ለነጻነት ትግል ወደ ሜዳ ወጡ፤ ታናሽ ወንድማቸው ኣባዲም ተከተላቸው። እዚያም ከመሬት ሥር በተቆፈረ ሆስፒታል ራጅ ማንሳትን ተምረው፣ ፊልሙን በጨለማ በእጃቸው እያጠቡና በገመድ ላይ እያሰጡ ብዙ ዓመት አገለገሉ።

ነጻነት ሲመጣ ሁለቱም ወደ ቤታቸው ገቡ። እናታቸው ገላቸውን እየዳበሱ ቁስል እንዳለባቸው ቢጠይቁ፣ ሁለቱም «እሾህ እንኳ አልወጋንም» አሉ። በዓመቱ ጽገረዳ የትግል ጓዳቸውን አቶ በረከትን ሲያገቡ፣ እናታቸው እንደ ወጉ የሙሽራ ሹሩባ ልሥራልሽ ብለው ቢለምኗቸው፣ ራሴን ማንም አይነካኝም ብለው በጎፈሬያቸው ተዳሩ። አባት ይህን የሜዳ ሰው ንቀት ነው ብሎ ተቆጣ፤ ከሠርጉ ድንኳን እህል ሳይቀምስ ተነሣ፤ ከዚያም ሁለት ዓመት ሙሉ ደጃቸውን አልረገጠም። ልጃቸው ሳሊና ስትወለድ እንኳ የመጡት እናታቸው ብቻ ነበሩ።

በአስመራ በራጅ ክፍል ሲሠሩ የታመመ ሰው ሳይስቅ ከእጃቸው አይወጣም ነበር። በሆስፒታሉ በር ላይ ሻሂ የሚሸጡትን ወይዘሮ መድናን «መድና፣ ያንቺን ስኳር ያለ ራጅ የሚያገኘው የለም» ሲሏቸው፣ እርሳቸውም «ቆይ፣ አንቺ መጀመሪያ ምላስሽን ተነሺ» ይሏቸው እንደ ነበር እዚህ የተቀመጣችሁ ታውቃላችሁ።

ባለፈው ክረምት ራሳቸውን ያማቸው ጀመር፤ ቀኝ እጃቸው ፊልም ይጥል፣ ቃልም ከአፋቸው ይጠፋ ጀመር። ሐኪማቸው ዶክተር መንግስትኣብ ወደ ጣሊያን አገር ላኳቸው። እዚያ በኮምፒዩተር ራጅ ሲነሡ፣ በአንጎላቸው ግራ በኩል ባቄላ የምታህል፣ ዙሪያዋን ቀለበት የሠራ ነገር ታየች። ይህች ነገር የሳንባ ነቀርሳ ወደ ራስ ወጥቶ የሠራው እብጠት ከሆነች በመድኃኒት ትድናለች፤ ክፉው ዕጢ ከሆነች ግን አትድንም፤ በሥዕል ሁለቱ እንደ መንታ ይመሳሰላሉ። ራስ ሳይከፈት የሚለያቸው በታላቅ ማግኔት የሚሠራ መሣሪያ ነው፤ እርሱም ሥዕል ከማንሳት አልፎ በሥጋው ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር እየለካ፣ ልኩን እንደ ተራራ ጫፍ ከፍና ዝቅ በሚል መስመር በወረቀት ላይ ያወጣል። ነገር ግን በዚያው ራጅ ከጆሯቸው ጀርባ የስንዴ ፍሬ የምታህል ብረት ታየች፤ የቦምብ ፍንጣሪ ነበረች። ማግኔት ብረት ይስባልና ሐኪሞቹ እንዲህ ሆነው አይገቡም አሉ። ወይ ብረቷ ወጥታ ቁስሉ እስኪድን ይጠበቃል፣ ወይ ምንነቱ ሳይታወቅ ራሳቸው ይከፈታል።

አብረዋቸው የሄዱት አቶ በረከት የአባትን ቃል ለመጠየቅ ከጣሊያን ደወሉ። ገረዝጊሄር አስመራ፣ ኮምቢሽታቶ ጎዳና ላይ ባለው ስልክ ቤት ቆሞ ስለ ብረቷ ያን ጊዜ ሰማ፤ ሹሩባው የቀረውም የእናት እጅ ጠባሳውን እንዳያገኘው እንደ ነበር ያን ጊዜ ገባው። ጽገረዳ ስልኩን ተቀብለው ቃል እየጎደላቸው «ኣቦይ፣ ተቆጥተዋል እንዴ?» አሉ። አባት «ብረቷ ትውጣ» ብቻ ብሎ ስልኩን ዘጋ። 

ብረቷ ወጣች፤ በሦስተኛው ሳምንት ወደ ማግኔቱ ገቡ። ወረቀቱን ከሐኪሙ ጋር አብረው ያነበቡት ራሳቸው ጽገረዳ ናቸው፤ በክፉው ዕጢ ከፍ የሚለው ጫፍ ከፍ ብሎ ነበር። ዕጢው ንግግርና እጅ በሚታዘዙበት ሥፍራ ስለ ነበር ሐኪሞቹ ቢላ አናገባም አሉ። በከንቱ ሳይቆረጡ አስመራ፣ ማይ ጭሆት ሰፈር ወዳለው ቤታቸው ተመለሱ። እናታቸው ጠባሳውን እየዳበሱ ሹሩባ ሠሩላቸው፤ አባት እርሻውን ትቶ አራት ወር ከአልጋቸው አጠገብ ተቀመጠ፤ ይቅር በይኝም አላቸው። ትናንት ጎሕ ሲቀድ በሠላሳ ሦስት ዓመታቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸውን አቶ በረከትን፣ የሦስት ዓመት ልጃቸውን ሳሊናን፣ እናታቸውን፣ አባታቸውንና ወንድማቸውን ኣባዲን ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር ሕመም በሌለበት ያሳርፍልን፤ ሳሊናንም እርሱ ያሳድግልን።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ገረዝጊሄር የልጁን የልቅሶ ድንኳን ትቶ ሲወጣ ያያችሁ፣ የት ሄደ ብላችኋል። ኣባዲን ይዞ ጽገረዳ ይሠሩበት ወደ ነበረው ራጅ ክፍል ሄዶ ነበር፤ ከራሱ እስከ እግሩ ራጅ አስነሣው። ሦስት ብረት ተገኘበት፤ በካርዱም ላይ ተጻፈ። አባት ወደ ድንኳኑ ተመልሶ ከኣስካሉ አጠገብ ተቀመጠና፣ ሦስቱም የት የት እንዳሉ ነገራቸው።