ዜማ የሚውጥ ቤት

ኅዳር ገብቶ ጤፉ በየማሳው በሚታጨድበት ሰሞን፣ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ በመካነ ኢየሱስ ከተማ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ደላላ ይጠብቁ ነበር። ደላላ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ «ደርሻለሁ» ሲል ገና ከቤቱ አልወጣም። መሪጌታ የሚያማቸውን ጉልበት እያሻሹ ሲቆዩ፣ አንዲት ወጣት ሴት ቀረብ ብላ ጎንበስ አለችና ጉልበታቸውን ሳመች።

«የኔታ፣ አላወቁኝም እንዴ? ዮዲት ነኝ፤ የይርጋ ልጅ።»

እንዴት አያውቋት! ይርጋ ታች ጋይንት ውስጥ አጥር ለአጥር የሚገናኛቸው ገበሬ ነበር። ይህችም ልጅ በሕፃንነቷ ከአጥሩ ሥር ቁጭ ብላ የጉባኤ ቤቱን ዜማ ስታዳምጥ ትውል ነበር። አሁን እዚሁ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር መምህርት ሆናለች። መሪጌታ እጇን እንደያዙ ብዙ ቆዩ፤ ሰው የራበው እጅ ያስታውቃል።

ምን እንዳመጣቸው ብትጠይቃቸው ሳይደብቁ ነገሯት። ባለቤታቸው ሐረገ ወይን ካረፈች ወዲህ ቤቱ ሰፍቷቸዋል። እሱስ ይቻል ነበር፤ ያልተቻለው የጉባኤው መፈታት ነው። በጋይንቷ ቤተ ልሔም ዜማ አስመስክረው፣ ወንበር ዘርግተው ማስተማር ከጀመሩ ወዲህ ደጃቸው ከተማሪ ተለይቶ አያውቅም ነበር። ኋላ ግን መንገዱ አስቸጋሪ ሆነ፤ ወላጅም ልጁን ከዓይኑ ማራቅ ፈራ፤ ተማሪው አንድ በአንድ ተመናምኖ አለቀ። መሪጌታ እስከ ዛሬ ንጋት ላይ ተነሥተው «ሃሌ ሉያ» ሲሉ፣ በልማድ ተቀባዩን ለመጠበቅ ዝም ይላሉ። የሚቀበላቸው የለም። ብቸኝነት ሰውን ይበላል፤ እሳቸውን መብላት የጀመረው ከጆሯቸው ነው።

«ስለዚህ ቀሪ ዕድሜዬን ከቤተ ክርስቲያን አጠገብ ላሳልፍ ብዬ የገጠሩን ሸጥኩ። ቅዳሜ ሽማግሌ ተቀምጦ እዋዋላለሁ» አሏት።

ቤቱን ሲያሞግሱላት ፊታቸው በራ። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ወደ ወንዙ ዝቅ ብሎ የተሠራ፣ ግድግዳው የድንጋይ፣ ከመኪና ጩኸት የራቀ ነው። ደግሞስ መች ሳይመረምሩ! ወሰኑን በእግራቸው ዞረዋል፤ ካርታውን አስነብበዋል፤ የሚሟገትበት ወራሽ እንደሌለ አጣርተዋል፤ የጎረቤቱን ጠባይ ከንስሐ አባቱ ሳይቀር ጠይቀዋል። የንስሐ አባቱ እርግጥ ትንፍሽ አላሉም።

ዮዲት በአክብሮት ሰምታ ስታበቃ፣ «ኢንተርኔትስ ይገባዋል፣ የኔታ?» አለች።

መሪጌታ ሳቁ። «እኔ የምገዛው መኖሪያ ነው፣ ልጄ። ኢንተርኔት የሥራ ፈት መዋያ ነው ሲሉ እሰማለሁ። ሰው ቤት ሲገዛ ውሃውን፣ ወሰኑንና ጎረቤቱን ይጠይቃል። አባቶቻችን ከዚህ ሌላ አልጠየቁም፤ ጎናቸውንም አሳርፈው ኖሩ።»

«ልክ ነዎት፤ አባቶቻችን የጠየቁት የሚያስፈልጋቸውን ነው። ተማሪያቸው አኮፋዳውን ይዞ በእግሩ ይመጣላቸው ነበር። የእርስዎ ተማሪ ግን ከእንግዲህ በየት በኩል ይምጣ?»

ጥያቄዋ ሽማግሌውን ከሚያማቸው ቦታ ነካቸው። ደሴ ስለሚባለው የመጨረሻ ተማሪያቸው ነገሯት። ደሴ ትምህርቱን ሳይጨርስ ቦንጋ በኩል ወዳለ ደብር ለአገልግሎት ሄዶ ነበር። ሲሄድ ግን ትልቁን ስልክ ገዝቶላቸው፣ አጠቃቀሙን አሳይቷቸው፣ ማታ ማታ ፊት ለፊት እየተያዩ በኢንተርኔት ጥሪ ትምህርቱን ቀጥለው ነበር። መሪጌታ ያን ጊዜ ራታቸውን እንኳ የሚበሉት ደሴ ሳይደውል ለመጨረስ እየተቻኮሉ ነበር።

«ታዲያ ምን ሆነ?»

«ዜማው ጠፋበት» አሉ መሪጌታ። «እኔ ዘንድ ሳለ አንጀት ይበላበት የነበረውን ርክርክ በስልኩ መዝለል ጀመረ። ርክርክ ታውቂያለሽ፤ ድምፅ ሳይቋረጥ እየተርገበገበ የሚወርድበት ነው። ገሠጽኩት። ይቅርታ ጠይቆ ደገመው፤ ደግሞ ዘለለው። በመጨረሻ ‹ልብህ ከሌላ ነው፤ ዓለም ጆሮህን ደፍኖታል› አልኩት። ከዚያ ወዲህ አልደወለም። ዓቢይ ጾም ነበር።»

«አልዘለልኩም ብሎዎት አያውቅም?»

«ተማሪ ለመምህሩ እንዲያ ይላል እንዴ?»

ዮዲት ቃል እየመረጠች ተናገረች። «የኔታ፣ የኢንተርኔት መስመር ሲደክም ድምፅን ይውጣል። ንግግር ከሆነ ሰሚው የጎደለውን በግምት ይሞላዋል። ‹ደህና አደ› ቢባል እንኳ ይገባናል። ዜማ ግን…»

«ዜማ በግምት አይሞላም» አሉ መሪጌታ፤ ነገሩን ሳያስቡት ከአፏ ነጥቀው። ከዚያም ቆጣ አሉ። በጆሯቸው ስንት መምህር እንደወጣ፣ የተማሪን ስህተት ከሽቦ ስህተት የማይለይ ሽማግሌ አድርጋ እንደቆጠረቻቸው እያነሡ ወቀሷት። ዮዲት አልተከራከረችም። ቤቱን አብራ እንድታይ ብቻ ፈቃዳቸውን ለመነች።

ደላላው ሲያልበው ደረሰና ሦስቱም ቁልቁል ወረዱ። የቤቱ ባለቤት እማዋይሽ ልጇ ወዳለበት ወደ ደብረ ታቦር ልትሄድ የተነሣች ደግ ሴት ናት፤ የምትዋሽም አልነበረችም። ስለ ኢንተርኔቱ ስትጠየቅ በእጇ ወደ ውጭ አመለከተች። ሽቦው ይኸው በደጇ ያልፋል፤ በስልኳም ላይ የኔትወርኩ ምልክት አራቱም ዘንግ ሞልቶ ይታያል። መሪጌታ ወደ ዮዲት ዞረው፣ «ሰማሽ?» አሏት።

«ሰማሁ፣ የኔታ። ግን በደጅ ያለፈ ሁሉ ቤት አይገባም። ለመሆኑ ውሃውን ሲመረምሩ ቧንቧውን አይተው ነው ያመኑት?»

«ከፍቼ! ቀምሼም ነው እንጂ።»

«እንግዲያው ይህንንም ይቅመሱት።»

እንዲህ ተስማሙ። ዮዲት የተዘረጋ መስመር ወዳለው ትምህርት ቤቷ ወጥታ በኢንተርኔት ትደውላለች፤ መሪጌታ ከድንጋዩ ቤት፣ በሩ ተዘግቶ፣ ለደሴ ያስተምሩ የነበረውን ዜማ ያወርዳሉ፤ እሷ ዘንድ የደረሰውን ድምፅ ቀድታ ታመጣለች። መሪጌታ አዜሙ። እማዋይሽ ነጠላዋን አጣፍታ ቆመች፤ ደላላው እንኳ ኮፍያውን አወለቀ። የድንጋዩ ግድግዳ ድምፃቸውን እያደመቀ ሲመልስላቸው፣ ይህስ የእኔ ቤት ነው ብለው በልባቸው ወሰኑ።

ዮዲት ተመልሳ መጣችና ከፊታቸው ቁጭ ብላ የቀዳችውን ከፈተችው። መሪጌታ እንደ ጉባኤ ቤት ልማዳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። መጀመሪያው ደህና ነበር። ከዚያ ጣታቸው ብድግ አለ፤ ተማሪ ሲስት የሚነሣው ጣት ነው።

«አቁሚው። ርክርኩን ዘለለው። ይህን ደግሞ ማነው ያስተማረው?»

ዮዲት አንገቷን ደፋች። «የኔታ፣ የእርስዎ ድምፅ ነው።»

መሪጌታ ድጋሚ እንድታሰማቸው በእጃቸው ምልክት ሰጧት። በዚያው ቦታ ድምፁ ተዋጠ፤ ልክ ደሴ «የዘለለው» ዓይነት ቦታ ላይ። ሦስተኛ አላስደገሟትም። እዚያው መደብ ላይ ተቀምጠው መቋሚያቸውን ታቅፈው ቆዩ፤ ዓይናቸውም እንባ አቀረረ።

«ልጄን ያለ ጥፋቱ በቃል ገረፍኩት» አሉ። «እሱም መምህሬ ያሉት ልክ ነው ብሎ ተቀበለኝ።»

ዮዲት ልታጽናናቸው ሞከረች። አራቱ ዘንግ የሚያታልል መሆኑን፣ እሷም ራሷ ቤት ስትከራይ አንዴ እንደተታለለችበት ነገረቻቸው። «ዘንጉ መንገድ መኖሩን እንጂ መንገዱ መጣበቡን አይናገርም። ዓርብ ዕለት ወደ አርብ ገበያ የሚወስደውን መንገድ አያውቁትም? መንገዱ አለ፤ በአህያና በሰው ሲሞላ ግን ማን ያልፍበታል? ለዚህ ነው የሽቦው መስመር እቤት ድረስ ቢገባ ይሻላል የምለው።»

«እንዲገባ ምን ይደረጋል?»

ይቺን ጥያቄ የጠየቁት መሪጌታ ናቸው፤ ጠዋት የሳቁባት ያው ሰውዬ።

በማግስቱ ዮዲት የስልክ መሥሪያ ቤት ወሰደቻቸው። ሠራተኛው በአክብሮት አስቀምጦ፣ ቤቱ ያለበትን ቦታ ጠይቆ፣ ቁርጡን ነገራቸው፤ በእማዋይሽ ደጅ የሚያልፈው መስመር ላይኛው መንደር ያሉትን ቢሮዎች የሚያደርስ ነው፤ ወደ ወንዙ ገና አልተዘረጋም፤ መቼ እንደሚዘረጋም እሱ ቃል መግባት አይችልም። መሪጌታ አመሰገኑት። ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ሲሰበሰቡ ውሉ እንደማይሆን ራሳቸው ነገሯቸው። ደላላው አኮረፈ፤ ደላላ ቢያኮርፍ ደግሞ እስከሚቀጥለው ቤት ነው።

ከዚያ ወዲህ ፍለጋቸው ተገለበጠ። መጀመሪያ መስመሩ የሚደርስባቸውን ሰፈሮች ጠየቁ፤ ቤት ያዩት ከዚያ ውስጥ ነው። ከገበያው ጀርባ አንዲት ጠባብ የጭቃ ቤት ተገኘች። የጎረቤቱን ጠባይ እንደ ልማዳቸው አጣሩ፤ በዚያ ላይ ጎረቤቱን ስለ መስመሩ ጠየቁት፤ ያውም ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ በሚያፈጥበት በምሽት እንዴት እንደሚሆን። ገብተው በሩን ዘግተው አዜሙ፤ ዮዲት ቀድታ አሰማቻቸው፤ አንዲት ርክርክ አልጎደለችም። በውሉም ላይ የመስመሩ ስም አብሮ እንዲዛወርላቸው አስጻፉ።

እውነቱን ለመናገር ቤቷ አታምርም። ከጎኗ ወፍጮ አለ፤ ቀን ቀን ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። ቤተ ክርስቲያኑም ራቀ፤ በታመመ ጉልበት ዳገቱን ሲወጡ መሪጌታ ይህችን የይርጋ ልጅ በልባቸው የሚያሟት ጊዜ አለ። ነገር ግን ሰው ቤት የሚገዛው ለግድግዳው አይደለም፤ በውስጡ ለሚኖረው ኑሮ ነው። የሚነግድ ነጋዴ፣ ልጁን የሚያስተምር አባት፣ ልጇ አረብ አገር ያለችባት እናት፣ ሁሉም መስመሩን አስቀድሞ ቢጠይቅ ኋላ ከመጸጸት ይድናል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ቤት ደግሞ አንዴ ከገዙት በኋላ እንደ መቀነት ፈትተው የሚያስሩት ነገር አይደለም።

መሪጌታ ግን ይህን ሁሉ ጊዜ ለደሴ አልደወሉም ነበር። ዮዲት ስትጠይቃቸው እያፈሩ፣ በሚዋሽ መስመር የበደሉትን ልጅ በማይዋሽ መስመር ይቅርታ ሊጠይቁት እንደሚፈልጉ ነገሯት። ከዚህ ሌላም ነበር፤ ስልኩን አያነሣልኝም ብለው ፈርተው ነው።

ወደ አዲሱ ቤት የገቡ ዕለት፣ ወፍጮው ዝም ካለ በኋላ፣ ዮዲት ስልኩን አስተካክላ ከፊታቸው አቆመችላቸው። ብዙ ጠራ። ሊዘጉት ሲሉ የደሴ ፊት ብቅ አለ፤ ከስቷል፤ ጢሙን አሳድጓል።

«የኔታ» ብሎ ከመቀመጫው ተነሥቶ ቆመ፤ እንደ ተማሪ፣ ቦንጋ ላይ ሆኖ።

መሪጌታ ሰላምታውን ሳያዳርሱ ነገሩን ነገሩት። የቤቱን ነገር፣ የቀዳችውን ድምፅ፣ የራሳቸውን ጣት። «አንተ አልዘለልክም ነበር፣ ልጄ። የሳትኩት እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።»

ደሴ ለረጅም ጊዜ አልተናገረም። መሪጌታ መስመሩ የተቋረጠ መስሏቸው ወደ ዮዲት ዞሩ። እሷ ግን ራሷን ነቅንቃ አለመቋረጡን ነገረቻቸው። የልጁ ትንፋሽ እንኳ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር።

«እኔ እኮ፣ የኔታ» አለ ደሴ በመጨረሻ፣ «ጸጋው የተወሰደብኝ መስሎኝ ነበር። ለደብሩ አለቃ ጉሮሮዬን ያመኛል አልኳቸው። ከዚያ ጾም ወዲህ አንድም ቀን አላዜምኩም። ጥላ እይዛለሁ፤ የዕጣኑን ጥና እይዛለሁ።»

መሪጌታ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ዮዲት ልትወጣ ተነሣች፤ በእጃቸው ይዘው አስቀሯት። ጋቢውን ሲገልጡ ድምፃቸው የመምህር ድምፅ ሆኖ ነበር።

«ከመጀመሪያው በል።»

ደሴ ጀመረ። ድምፁ ሻክሯል፤ እንደቆየ የበር ማጠፊያ እየተንቋቋ ወጣ፤ ቀስ በቀስ ግን ለሰለሰ። ወደ መካከሉ ደርሶ አንድ ቦታ ላይ ሰነፈና ሁለት ርክርክ አጎደለ። መሪጌታ ሰሙት። በደንብ ሰሙት፤ እዚያው አጠገባቸው ቢቀመጥ እንኳ ከዚህ አብልጠው አይሰሙትም ነበር። ጣታቸው ተነሣ።

«ልጄ፣ እዚህ ላይ አጎደልክ። ይህ የመስመሩ አይደለም፤ ያንተ ነው።»

ደሴ ሳቀ፤ ሳቁ መሀል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ፤ መሪጌታም እስኪበቃው ጠበቁት።

«እንደገና» አሉት።