አያ ሞላ ሣር ሲበላ ዝም አይሉም

አጎቴ አያ ሞላ የቁሐር ሚካኤል ገበሬ ናቸው፤ የከብቶቻቸውን ሣር ማንም እንዳይደፍረው በጋውን ሲጠብቁ ነው የሚባጁት። ዘንድሮ ሩዙ ተወቅቶ ሲያልቅ «እስቲ ያን የምታወራለትን ዋልያ አሳየኝ» ብለው ከወረታ አብረውኝ ሰሜን ተራሮች ፓርክ ወጡ። እኔ ካሜራዬን ደግኜ ገደሉ አፋፍ ላይ በደረቴ ተኝቻለሁ። ከቁጥቋጦው በላይ የሚታየኝ የዋልያው ቀንድ ጫፍ ብቻ ነው፤ ልቤ ድው ድው ይላል። «አያ ሞላ፣ በማርያም፣ እንዳይስሉ!» ብያቸዋለሁ።

በዚህ መሀል የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ መጥቶ ፊት ለፊታቸው ቁጭ አለና ሣሩን በሁለት እጁ እየነጨ ይበላ ጀመር። አያ ሞላ ጥቂት ቻሉ። ከዚያ ግን ብድግ ብለው ጋቢያቸውን እያራገቡ «ሃይ! ውጣ ከሰው ሣር!» ሲሉ ገደሉ ሁሉ አስተጋባ። በቃ፣ አለቀልኝ አልሁ! ጭላዶቹ ንቅንቅም አላሉ። ዋልያው ነው ደንግጦ ከቁጥቋጦው ዘሎ የወጣው! ከነጺሙ፣ ከነዚያ ቆልማማ ቀንዱ ቋጥኝ ላይ ቆሞ አፈጠጠብን። ቶሎ ብዬ ፎቶ አነሳሁት። አብሮን ያለው የፓርኩ ጠባቂ በሳቅ ፍርስ አለ።

እየሮጥሁ ሄጄ «አያ ሞላ፣ ይዩት! ስንት ዘመን የተመኘሁት ነው!» ብዬ ፎቶውን አሳየኋቸው። ረጋ ብለው አዩትና «አየህ፣» አሉኝ፣ «የሣር ሌባ፣ ድምፅ ሲሰማ እንዲህ ነው ዘሎ የሚወጣው።»